የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት ነው? ከደብረ ብርሃን ማሳዎችና ኮረብታዎች የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጳጉሜን 4

ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ እኔም ዘንድሮ አንድ ሥራ ለመጀመር ቆርጫለሁ። ከደብረ ብርሃን ከተማ ዳርቻ ተነስቶ ወደ በሬሳ ወንዝ የሚወርድ፣ ጨፌውን አቋርጦ በባቄላና በገብስ ማሳዎች መሀል የሚያልፍ፣ መጨረሻው ኮረብታው አናት ላይ የሆነ የእግር መንገድ መርጫለሁ። ርዝመቱ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገብሱ ታጭዶ እስኪከመር ድረስ በዚህ መንገድ እየተመላለስኩ ያየሁትን ወፍ ሁሉ እመዘግባለሁ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የምወጣው፤ የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት ነው የሚገባው?

ጠፍቶ ከርሞ ብቅ ያለን ሰው «ምነው የመስቀል ወፍ ሆንክ!» እንለዋለን። ወፉ በዓመት አንድ ጊዜ ከአደይ አበባ ጋር ከሩቅ አገር መጥቶ የሚመለስ እንግዳ ነው ብለን ስለምናስብ ነው። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ክፍል ውስጥ «ከየት ይመጣል?» ብዬ ስጠይቅ ከሱዳንም፣ ከግብፅም፣ ከኢየሩሳሌምም ያመጡልኛል። ስለ ወፎች የተጻፉ መጻሕፍት ግን የትም አይሄድም፣ ላባውን ነው የሚቀይረው ይላሉ። ይህን በምኖርበት አፈር ላይ፣ በራሴ ዓይን፣ ከሳምንት ሳምንት ልከታተለው እፈልጋለሁ።

የቱን ወፍ ማለቴ እንደሆነ ከወዲሁ ላስቀምጥ። ስሙ እንደየአካባቢው ለተለያዩ ወፎች ይሰጣል፤ ቀይና ጥቁሩን የሚሉ አሉ፣ ጭራ ረጅሙን የሚሉም አሉ። እኛ ደጋ ላይ ሰው ጣቱን የሚቀስርበት ግን ከድንቢጥ እምብዛም የማይበልጥ፣ ወንዱ ድፍን ጥቁር ሆኖ ትከሻውና የታችኛው ጀርባው ደማቅ ቢጫ የሆነ ወፍ ነው። ወፍ ተመልካቾች የሎው ቢሾፕ ይሉታል። በዚህ ማስታወሻ የመስቀል ወፍ ስል እሱን ነው።

የያዝኩት ዕቃ ብዙ አይደለም። ባይኖኩላሬ ስምንት በአርባ ሁለት ነው (ስምንት እጥፍ ያጎላል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት አርባ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው)፤ በጉም ቀን ብርሃን ስለሚሰበስብ ለዚህ አገር ይስማማል። ደብተር፣ እርሳስ (እስክሪብቶ ወረቀቱ እርጥበት ሲነካው ቀለሙ ይሰራጫል)፣ ጂፒኤስ ያለው ስልክ፣ ፕላስቲክ ቦት ጫማ፣ ጥቂት ኖራና ብሩሽ።

መስከረም 3

ኖራው ለምልክት ነው። በመንገዱ ላይ በየግማሽ ኪሎ ሜትሩ የማይነቃነቅ ድንጋይ እየፈለግኩ ነጭ ነጥብ ቀባሁበት። እያንዳንዱ ምልክት ላይ አሥር ደቂቃ ቆሜ የማየውንና የምሰማውን እመዘግባለሁ፤ በመሀል በመሀል ሳልፍ የማየውን ደግሞ በሌላ ገጽ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ለእኩል ጊዜ መቆም ያስፈልጋል፤ አለዚያ የዛሬውን ከሚቀጥለው ሳምንት ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እጀምራለሁ፤ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ወፉ ዝም ይላል።

ዋልካው ገና ጭቃ ነው። በሬሳ ሞልቶ ቡና መስሎ ይፈሳል። ጨፌው ላይ ጋጋኖዎቹ በመንጋ ተሰማርተው ረጅም ምንቃራቸውን እርጥቡ መሬት ውስጥ እየሰደዱ ትል ይለቅማሉ፤ ከአገጫቸው ሥር የተንጠለጠለችው ቆዳ በባይኖኩላር ቁልጭ ብላ ትታያለች። እነዚህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም የትም የሉም፤ እዚህ ግን በጩኸታቸው ሰውን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሱ ጎረቤቶች ናቸው። ከእነሱ ራቅ ብለው ሁለት ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይዎች አየሁ። ይህም የአገራችን ብቻ ነው። ወንዱ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ አስደግፎ ነው የሚራመደው፤ ክንፉ ላይ ያለው ሰማያዊ የሚታየው ሲበር ነው።

የመስቀል ወፍ ከባቄላው ማሳ ጀምሮ አለ። ዛሬ የቆጠርኩት ወንዶቹን ብቻ ነው፤ አምስት።

መስከረም 8

አደዩ ፈንድቷል። ኮረብታው ከወገቡ በታች ቢጫ ነው።

ዛሬ አብዛኛውን ሰዓት ያጠፋሁት አንድ ቦታ ላይ ነው። በባቄላውና በገብሱ ማሳ መሀል ሁለት ሜትር የማይሞላ ስፋት ያለው ድንበር አለ፤ በሬ ስለማይገባበት ሣሩ ከወገቤ በላይ አድጓል፣ ከሥሩ የክረምቱ ውሃ የሚወርድበት ፈሰስ ያልፋል። በዚህች ድንበር ላይ ብቻ ሦስት ወንዶች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ይዞታ አለው። አንዱ ረጅም አገዳ ላይ ወጥቶ ይቀመጥና ላባውን ሁሉ ያቆማል፤ የጀርባው ቢጫ ይነፋና እስከ ጭራው ሥር ይከፈታል። ከዚያ ይነሳል። አበራረሩ እንደ ሌላ ጊዜው አይደለም፤ በዝግታ፣ ሰውነቱን ክብ አድርጎ፣ ክንፉን እያንዘረዘረ ነው። ዝም ብሎ ለቆመ ሰው የክንፉ ድምፅ ይሰማል፤ ትልቅ ጥንዚዛ በጆሮ አጠገብ ያለፈ ይመስላል። ጎረቤቱ ወደ ወሰኑ ከተጠጋ ሁለቱም ተነፍተው ፊት ለፊት ይበርራሉ፣ ሳይነካኩ ይመለሳሉ።

ሴቶቹን ለማየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ቡናማ፣ ባለ ጭረት፣ ከሣሩ የማይለዩ ናቸው። ሰው የማያያቸው ለዚህ ነው። አንዱ ወንድ በይዞታው ውስጥ ከአንድ በላይ ሴት ያስቀምጣል፤ ጎጆውን ራሱ ይጀምርና ሴቷ ከተቀበለችው ውስጡን እሷ ትጨርሰዋለች።

የወንዱ ጥቁርና ቢጫ ከየት እንደመጣ ለተማሪዎቼ ለማስረዳት አሁን ጥሩ ምሳሌ አገኘሁ። ቢጫው ከሚበላው ምግብ ከሚያገኘው ካሮቲኖይድ ከሚባል ማቅለሚያ የሚሠራ ነው፤ ጥቁሩ ሰውነቱ ራሱ የሚያመርተው ሜላኒን የሚባል ማቅለሚያ ነው። የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ከአንጎል ሥር ያለችው ዕጢ የምታመነጨው ሆርሞን ላባው ጥቁር ሆኖ እንዲበቅል ታዛለች። ዝናቡ ሣሩን ያሳድጋል፣ ሣሩ ዘርና ነፍሳት ያመጣል፣ ወፉም ለዚህ ወቅት ይዘጋጃል። ከአደይ ጋር የሚገጣጠሙት ሁለቱም የሚጠብቁት አንድ ዝናብ ስለሆነ ነው።

መስከረም 15

ነገ ደመራ ነው። ጨፌው ላይ ሰው በዝቷል፤ ቄጠማ ይታጨዳል። ለበዓል ቤት የሚጎዘጎዘው፣ ገበያ የሚወጣው ይኸው ነው። እናቶች በማጭድ እያጨዱ ያስራሉ፣ ልጆች ይሸከማሉ። ከቄጠማው ውስጥ ቡናማና ባለ ነጭ ቂጥ ወፍ እየሮጠች ወጣች፤ ጭራዋን በተራመደች ቁጥር ትቀስራለች፣ ከጭራዋ ሥር ያለው ነጭ ብልጭ ይላል። ሩዤ ሬይል ነች። እሷም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ አትወጣም። ሰው አትፈራም፣ ማጭዱ ሥር ነው የምትንጎራደደው። የምትፈልገው እርጥብ ጨፌ ግን በየዓመቱ እየጠበበ ነው።

ለእኔ የሚያሳስበኝ ያቺ ድንበር ነች። ዛሬ ሴቷ በምንቃሯ ነጭ የሣር ጭገር ይዛ በተደጋጋሚ አንድ ቦታ ስትገባ አየሁ። ጎጆው ውስጡ ደርሶ እየተነጠፈ ነው ማለት ነው። አልተጠጋሁም። ከምልክቱ ድንጋይ ሆኜ በባይኖኩላር አየሁት፤ ከመሬት ከጉልበት በታች ከፍታ ላይ፣ ከቆሙት አገዳዎች ጋር ተጠልፎ የተሠራ፣ ጣሪያ ያለው፣ በጎን በኩል መግቢያ የተተወለት ክብ ጎጆ ነው። ሣሩ ከተነካ ጎጆውን የሚይዘው ምንም የለም።

ባለ ማሳው ባቄላቸውን ሊያዩ መጥተው ነበር። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ባቄላው ቡናማ ነጠብጣብ በሽታ ከተጫወትን በኋላ ስለ ሣሩ ጠየቅኳቸው።

«ከመስቀል በኋላ ይታጨዳል እንጂ» አሉኝ። «ከደረቀ ለከብት ምን ይረባል?»

«ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ የመስቀል ወፍ ጎጆ አለ። ሁለት ሦስት ሳይሆን አይቀርም።»

«እኔ እኮ የማውቀው ገብስ ሲበላ ነው!»

እውነታቸውን ነው፤ ገብሱ ሲያሽት ይመጣበታል። በልጅነታቸው ማሳ ዳር ወንጭፍ ይዘው ሲጮኹ እንደሚውሉ አጫወቱኝ። ቆላ ያለው ዘመዳቸው ማሽላውን ማማ ላይ ወጥቶ ከግሪሳ ሲጠብቅ ነው የሚከርመው። እኔ ደግሞ ያየሁትን ነገርኳቸው። ግሪሳ በሺህና በመቶ ሺህ ሆኖ የሚወርድ መንጋ ነው፣ ይኼ ግን በድንበሯ ላይ ሦስት አባወራ ነው፤ አሁን የሚለቅመው የሣር ዘር ነው፣ ለጫጩቶቹም ነፍሳት ያመላልሳል። ሙሉውን ሣር ይተዉልኝ አላልኩም። ከላይኛው ጫፍ ጀምረው እንዲያጭዱና በፈሰሱ በኩል ያለውን የታችኛውን ወገን እንዲያቆዩት ነው የለመንኩት። ዕንቁላል ተጥሎ ጫጩቱ እስኪበር አንድ ወር ገደማ ይበቃዋል።

ረጅም ጊዜ ሣሩን ሲያዩ ቆይተው «እስከ ጽጌ ማብቂያ ይሁንልሽ፤ ከዚያ በኋላ ግን ላሚቱም ልጅ አላት» አሉኝ።

ጽጌ የሚያበቃው ኅዳር 5 ነው። ከጠበቅኩት በላይ ሰጡኝ።

መስከረም 29

ማለዳው ብሩህ ነው፣ ሰማዩ ታጥቧል። እንግዶቹ ገብተዋል፤ እውነተኞቹን እንግዶች ማለቴ ነው።

ጨፌው ላይ ከብቶቹ እግር ሥር ሆዳቸው ቢጫ የሆነ፣ ቀጫጭን፣ ጭራቸውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ ወፎች ይራወጣሉ። የሎው ዋግቴይል ናቸው። ላሟ ስትራመድ የሚነሳውን ዝንብ ይለቅማሉ። ከአውሮፓና ከእስያ ነው የመጡት፤ ብዙዎቹ ክብደታቸው ሃያ ግራም አይሞላም። ማሳው ዳር ካለው ካብ ላይ ደግሞ ፓይድ ዊትየር ተቀምጧል፤ እሱም ከምሥራቅ አውሮፓ እስከ መካከለኛው እስያ ባለው ምድር ተፈልፍሎ በጋውን እኛ ጋ የሚያሳልፍ ነው። ከላይ ንብ በል ወፎች ድምፃቸውን እያሰሙ በጣም ከፍ ብለው ወደ ደቡብ አለፉ። ሽመላም አየሁ፣ በአየሩ ሙቀት እየዞረች ስትወጣ።

ኮረብታው ላይ ከብት የሚጠብቅ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አለ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ምልክቴ ጋ ሲያየኝ እየሮጠ ይመጣል። ዛሬ ባይኖኩላሩን ሰጥቼው ዋግቴይሉን አሳየሁት።

«ቲቸር፣ ይሄን እኮ ሁሌ ነው የማየው።»

«ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?»

«እዚሁ ነዋ!»

ከየት እንደመጣ ስነግረው ባይኖኩላሩን ዝቅ አድርጎ በዓይኑ አየው፣ ከዚያ መልሶ አነሳው። የመስቀል ወፍን ከሩቅ የመጣ እንግዳ አድርገን እንዘፍንለታለን፤ በረሃና ባሕር አቋርጦ የመጣውን ደግሞ ከላሟ እግር ሥር ሆኖ እያየነው የእኛ ነው እንላለን። ለክፍሉ የማዘጋጀው ትምህርት በዚህ ይጀምራል።

በመንገዱ ላይ ያለው ሳር ሜዳ ውስጥ ሎንግክሎው የሚባለውን ወፍም አግኝቻለሁ፤ ጉሮሮው ቢጫ፣ ደረቱ ላይ ጥቁር ሐብል ያለው። እሱም የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፣ ያልታረሰ ሣር ይፈልጋል። ጨፌው ባለፈው ዓመት ከነበረው በአንድ ጥማድ ያህል ታርሷል፤ ሎንግክሎው የተገኘው በቀረው በኩል ነው። ይህን በካርታዬ ላይ በተለየ ቀለም አስገብቻለሁ።

ጥቅምት 9

ዛሬ ከመንገዴ ወጥቼ በአንኮበር መንገድ በመኪና ወደ ገማሳ ገደል ሄድኩ። ማሳው የሚያልቅበትን ጫፍ ማየት ፈልጌ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ በገብስና በስንዴ፣ በድንጋይ ካብ በታጠሩ ግቢዎች፣ በባሕር ዛፍ ተክሎች መሀል ይሄድና በድንገት ምድሩ ይቆረጣል። ከእግር በታች ስምጥ ሸለቆው ነው። ይህ አፋፍ እስከ ደብረ ሲና ድረስ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው የወፍ ቦታዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል።

ስደርስ ምንም አይታይም ነበር። ጉሙ ከቆላው እየተነሳ በገደሉ ላይ ይፈስሳል። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ፤ ጭላዳዎቹ ከጉሙ ውስጥ ሲነጋገሩ ይሰማል፣ ሣር ሲነጩም ጭምር። ጉሙ ሲገለጥ አሥር ሜትር ያህል ራቅ ብለው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራ ከመሀላቸው እየተራመደ ፋንድያ ይገለብጣል፤ ማጅራቱ ላይ ያለው ነጭ ከሩቅ ይታወቃል።

የመጣሁት አንኮበር ሰሪንን ፍለጋ ነው። ለሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1979 በእንግሊዛዊው የወፍ ተመራማሪ በጆን አሽ ነው፤ ለዓመታት ከዚህ አፋፍ በቀር የትም እንዳለ አይታወቅም ነበር፣ በኋላ ሰሜን ተራሮች ላይም ተገኘ። ቡናማ፣ ባለ ጭረት፣ ምንም ጌጥ የሌለው ትንሽ ወፍ ነው። ከአፋፉ ትንሽ ወረድ ብሎ ሣሩ አጭር የሆነበት ቀጥ ያለ ቁልቁለት አለ። እዚያ ስድስት ሰባት የሚሆኑ ወፎች መሬት ላይ ዘር ሲለቅሙ አገኘሁ። እንቅስቃሴ ሲያቆሙ ይጠፋሉ፤ ባይኖኩላሩ በትክክል እነሱ ላይ ሆኖ እያለ አይታዩም። አንዱ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ዘወር ሲል ግንባሩ፣ የደረቱ ጭረት፣ ቀጭኑ ምንቃር በሙሉ ታየኝ። ይህን ገደል የሚያህል ስም ይዞ ይህን ያህል ዝም ብሎ የሚኖር ወፍ ማየት ትልቅ ደስታ ነው።

ከአፋፉ ዳር አሸንዳ አብቧል፤ ቀይና ብርቱካናማ ሆኖ ቆሟል። ተከዜ ሰንበርድ መጥቶ አንዱ ላይ ተቀመጠ። ስሙን ያገኘው ከተከዜ ወንዝ ነው። ጥላ ውስጥ ሲሆን ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ስታርፍበት ራሱ ወደ መዳብ፣ ደረቱ ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል፣ ፊቱን ሲያዞር መልሶ ጥቁር ይሆናል። የታጠፈ ምንቃሩን በየአበባው ቱቦ እያስገባ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ግንባሩ ላይ የአበባው ዱቄት ተለጥፎ ነበር።

ልመለስ ስል አጥንት ሰባሪው አሞራ በዓይኔ ትይዩ አለፈ፤ እኔ አፋፉ ላይ ስለሆንኩ ከበታቼ ነበር ጀርባው የታየኝ። ዋና ምግቡ አጥንት ነው፤ ትልቁን ይዞ ከፍ ይልና ዓለት ላይ ይለቅቀዋል። ገበሬው በግ ያርዳል፣ ሥጋውን ሰው ይበላል፣ የተረፈውን ውሻና ቁራ ይካፈላሉ፣ ለእሱ የመጨረሻው ይደርሰዋል። ገበሬው እስካለ እሱም ይኖራል።

ጥቅምት 22

ሌሊት ውርጭ ጥሏል። ጨፌው ነጭ ነበር፤ እስክሪብቶ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ አይወርድም ነበር፣ እርሳሱ ሠርቷል። የባቄላው ቅጠል በአንዳንድ ቦታ ጠቁሯል። ባለ ማሳው ገብሱ ከአበባ ስለወጣ እንደተረፈ ነገሩኝ፤ ፊታቸው ላይ ግን ሌሊቱን እንዳልተኙ ይታያል።

ድንበሯ ላይ የላይኛው ወገን ታጭዷል፣ ድርቆሹ ተከምሯል። የታችኛው እንዳለ አለ። ቃላቸውን ጠብቀዋል።

እዚያ ውስጥ ጫጩቶች ወጥተዋል። ጭራቸው ገና አጭር የሆነ፣ የምንቃራቸው ጥግ ቢጫ የሆነ አራት ትንንሾች አገዳ ላይ ተደርድረው እናታቸውን ሲጠብቁ አየሁ። ስትመጣ ሁሉም ክንፋቸውን ያንቀጠቅጣሉ። የያዘችው አንበጣ ነበር፣ አረንጓዴ። ለአንዱ ሰጥታ ተመለሰች።

ወንዱ ላይ ለውጡ ጀምሯል። በራሱ ጎንና በአገጩ አካባቢ ከጥቁሩ መሀል ቡናማ ላባ እየገባ ነው፤ ከሩቅ አቧራ የነካው ይመስላል። አሁንም አገዳው ላይ ይወጣል፣ የሚነፋው ግን አልፎ አልፎ ነው። በደብተሬ ላይ ሥዕሉን ሠራሁ፤ የትኛው ክፍሉ እንደተለወጠ በቀስት አሳይቼ ቀኑን ጻፍኩበት። በየሄድኩበት ቀን እንዲህ ዓይነት ሥዕል እጨምራለሁ፤ ለተማሪዎች ከፎቶግራፍ ይልቅ ይህ ይጠቅማል፣ የት እንደሚመለከቱ ያሳያቸዋል።

ማሳው ላይ ነጭ አመድማ ሀሪየር የሚባል አዳኝ ወፍ ዝቅ ብሎ ሲያስስ ነበር። ከፍ ብለው ደግሞ ሦስት ስቴፕ ኢግል፤ የሩሲያና የካዛክስታን ሜዳ ንስሮች። አብዛኞቹ በየመን በኩል የባብ ኤል ማንደብን ወሽመጥ አቋርጠው ነው ወደ እኛ የሚገቡት። በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ወፎች ተቆጥረዋል።

ኅዳር 6

ጽጌ አብቅቷል፤ የታችኛው ሣር ዛሬ ታጨደ። እኔም ነበርኩ። ባዶ ጎጆዎቹ አገዳው ላይ እንዳሉ ወደቁ። ባለ ማሳው አንዱን አንስተው በመዳፋቸው እያገላበጡ በጎን ያለውን መግቢያ፣ ውስጡ የተነጠፈውን ለስላሳ ጭገር አዩ።

«ይኼን በአፉ ነው የሠራው?»

«በአፉና በእግሩ ነው፣ ጋሼ።»

ለልጃቸው እንዲያሳዩት ይዘውት ሄዱ። አንዱን ለትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ወስጃለሁ፤ ጎጆው ወፉ ከለቀቀው በኋላ ስለሆነ ችግር የለውም። በቆመበት ጊዜ ግን ማንም እንዳይነካ ለልጆቹ አጥብቄ ነግሬያቸዋለሁ።

ዛሬ ከምልክት እስከ ምልክት አንድም ጥቁርና ቢጫ ወፍ አልታየም። ሰው ሄደ የሚለው ይህንን ቀን ነው።

ኅዳር 19

ገብሱ እየታጨደ ነው። ማሳው ላይ ወንፈል የገቡ ሰዎች በመስመር ሆነው ያጭዳሉ፣ ነዶው ይታሰራል፣ ዜማው ከኮረብታው ድረስ ይሰማል። እረኛው ልጅ ትምህርት ስለሌለው አብሮኝ ውሏል፤ ቆጠራውን በከፊል እሱ ነው የያዘው፣ መቶ በመቶ የሚታመን ዓይን አለው።

ከተሰበሰበው ማሳ ላይ የወደቀ እህል የሚለቅም ቡናማ የወፍ መንጋ ተነስቶ ካቡ ላይ አረፈ። ባይ ባይ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ድንቢጥ የመሰሉ፣ ባለ ጭረት። ልጁ «ድንቢጥ ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። «ቆይ፣ ሲበሩ እይ» አልኩት። ቀስ ብለን ተጠጋን። መንጋው ሲነሳ ከመሀላቸው የአንዳንዶቹ የታችኛው ጀርባ ቢጫ ሆኖ ተገለጠ፣ ሲያርፉ ክንፋቸው ከደነው።

«ቲቸር! መስቀል ወፍ ነው!»

ጥቁሩ በሙሉ ሄዷል። የጀርባውና የትከሻው ቢጫ ግን በወንዱ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይቀራል፤ ተቀምጦ እያለ ክንፉ ስለሚሸፍነው ነው የማይታየው። በመስከረም አገዳ ላይ ነፍቶ የሚያሳየው ያንኑ ቢጫ ነው። ሴቶቹና የዘንድሮዎቹ ጫጩቶችም በዚሁ መንጋ ውስጥ አሉ። ካቡ ላይ እስከ ሃያ ሁለት ድረስ ቆጠርን፣ ቢጫ የታየባቸው ሰባት ነበሩ። ልጁ ደብተሩን ወስዶ «የመስቀል ወፍ» ብሎ በትልቁ ጻፈ፣ ከሥሩ ቀኑን፣ ከቀኑ አጠገብ ደግሞ የነበሩበትን ማሳ። ያ ማሳ ከድንበሯ ሦስት መቶ ሜትር አይርቅም።

ቀጣዩ ሥራ ተቆርጧል። ምልክቶቹ ድንጋዮች ላይ ያሉ ስለሆነ በየወሩ አንድ ጠዋት ወጥተን ቆጠራውን እንቀጥላለን፤ ክበቡ ሁለት ሁለት ተማሪ በየምልክቱ ይመድባል። በመጋቢት የበልግ ዝናብ ከጣለ ላባው ላይ ለውጥ መኖር አለመኖሩን ማየት እፈልጋለሁ። የላባውን ለውጥ የሚያሳዩት ሥዕሎች በአንድ ትልቅ ካርቶን ላይ ተደርድረው በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ተጠናቋል፣ የቀሩት ወራት ባዶ ቦታ ተትቶላቸዋል። ባለ ማሳው ለሚቀጥለው ዓመት የታችኛው ሣር እንዲሁ ይቆያል ብለውኛል። ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ማሳ ባለቤት ግን ገና አልተስማሙም፤ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ፣ ጎጆውንም ይዤ እሄዳለሁ።